የአምስተርዳሙን የፖርቱጋል ምኩራብ በቀን ብርሃን ፎቶ ማንሳት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በዲሴምበር አጋማሽ ለሥራ ወደ አምስተርዳም እሄዳለሁ፤ ነፃ የምሆነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ነው። የፖርቱጋል ምኩራብ የሚባለውን ጥንታዊ ሕንፃ በሻማ ብርሃን ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ። ውስጡ የኤሌክትሪክ መብራት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይዤ ልግባ ወይስ ፍላሽ ይበቃኛል? ክርስቲያን ነኝ፤ ወንድ እንደ መሆኔ በአለባበስና በሥርዓት በኩል ምን ልጠንቀቅ?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ እሑድ ይሂዱ፤ ትራይፖዱን ሆቴል ይተዉት፤ ፍላሹን ያጥፉት፤ የሻማውን ፎቶ ለጊዜው ይርሱትና በቀን ብርሃን ያንሱ። ሥራዬ ጥንታዊ ሕንፃዎችንና ቤተ እምነቶችን ለጥገና ሰነድና ለመዝገብ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ከጠዋት ብርሃን እስከ ደመናማ ከሰዓት በኋላ በተለያየ ወቅት ከገባሁባቸው ቤቶች መካከል፣ የካሜራው ዓይነት ከምንም ያነሰ ለውጥ የሚያመጣበት፣ የቀኑና የሰዓቱ ምርጫ ግን ሁሉን የሚወስንበት ቤት ቢኖር ይህ ነው። ምክንያቱን ቀጥዬ በዝርዝር አስረዳለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በኔዘርላንድ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

በመጀመሪያ ስለ ቀኑ። ምኩራቡ ሙዚየም ብቻ አይደለም፤ የኦርቶዶክስ አይሁድን ጥብቅ ሥርዓት የሚከተል ማኅበረ ምእመናን ዛሬም የሚጸልይበት ቤት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ፣ እንዲሁም በአይሁድ ዓበይት በዓላት ለጎብኚ ዝግ ነው። የሰንበቱ ዕለት የሚጀምረው ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሲሆን፣ በዲሴምበር አጋማሽ አምስተርዳም ላይ ፀሐይ ከ16፡30 በፊት ትጠልቃለች፤ በዚህም የተነሣ በክረምት ዓርብ ቤቱ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ይዘጋል። የሥራ ባልደረቦችዎ ምሳ አቆይተዎት ዓርብ በ14፡30 ቢደርሱ በሩ ላይ ቆመው የመመለስ ዕድልዎ ሰፊ ነው። እሑድ ግን ለእነርሱ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ለእኛ የበዓል ቀን መስሎ ስለሚታየን ብዙ ሰው «እሑድማ ዝግ ይሆናል» ብሎ ይተወዋል። ከመሄድዎ በፊት የዕለቱን የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት በአይሁድ ባህል ሠፈር ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ፤ ቲኬቱንም እዚያው መግዛት ይቻላል። አንዱ ቲኬት ከምኩራቡ ሌላ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የአይሁድ ሙዚየምና በ2024 የተከፈተውን ብሔራዊ የሆሎኮስት ሙዚየም ጭምር ያስገባል። በነገራችን ላይ የአይሁድ ሙዚየሙ ራሱ ያረፈው በአራት አሮጌ ምኩራቦች ውስጥ ነው፤ ከእነርሱ «ታላቁ ምኩራብ» የሚባለው የተሠራው በ1671 ሲሆን፣ የአሽከናዝ (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ) አይሁድ ምኩራብ ነበር። እርስዎ ወደሚሄዱበት ሳይሆን ወደዚያኛው ገብተው «መብራት አለው እኮ!» የሚሉ ጎብኚዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ፤ ታሪኩን ሳያውቁ ብርሃኑን ማንበብ ስለማይቻል ነው ይህን የማስቀድመው። በ1492 ከስፔን የተባረሩት፣ በ1497 ደግሞ በፖርቱጋል በግድ እንዲጠመቁ የተደረጉት አይሁድ ዘሮች ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ አምስተርዳም መጡ። ስማቸውን «የፖርቱጋል ሕዝብ» አሉ፤ በወቅቱ ኔዘርላንድ ከስፔን ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች ስፔናዊ መባል አይበጅም ነበር። ሦስት የነበሩት ማኅበሮቻቸው በ1639 አንድ ሆኑ፤ ሀብትም አገኙ፤ ረቢያቸው ይስሐቅ አቦአብ ዳ ፎንሴካ፣ ቀደም ሲል ብራዚል ሬሲፌ ውስጥ ያገለገለው ሰው፣ በ1670 አዲስ ቤት እንዲሠራ ሰበከ። የመሠረት ድንጋዩ በ1671 ተጣለ፤ ነገር ግን በ1672 ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና አጋሮቻቸው ኔዘርላንድን ሲወሩ ሥራው ቆመ። ኤሊያስ ባውማን የነደፈው ቤት ተጠናቆ የተመረቀው ነሐሴ 2 ቀን 1675 ነው። ከዋናው በር በላይ ከመዝሙረ ዳዊት 5 የተወሰደ ጥቅስ በዕብራይስጥ ተቀርጿል፤ «እኔ ግን በምሕረትህ ብዛት ወደ ቤትህ እገባለሁ» የሚለው ነው። በጥቅሱ ውስጥ ተለይተው ምልክት የተደረገባቸው ፊደላት በቁጥር ዋጋቸው ሲደመሩ 1672ን ይሰጣሉ፤ ማለትም ቤቱ እንዲጠናቀቅ ታስቦ የነበረበትን፣ በጦርነቱ ምክንያት ያልተሳካውን ዓመት። የረቢው የአቦአብ ስምም እዚያው ጥቅስ ውስጥ ተሸሽጓል። ፊደልን በቁጥር መቁጠር ለግእዝ አንባቢ እንግዳ ስላልሆነ፣ በሩ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ይህን ጽሑፍ ቀረብ ብለው ቢያነሱት አይቆጭዎትም። ከደጅ ሊነሣ የሚችል፣ ቅንጅቱም ቀላል የሆነ ፎቶ ነው።

ውስጡ 38 ሜትር በ26 ሜትር የሆነ አንድ ሰፊ አዳራሽ ሲሆን፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው 19 ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል። ጣሪያው በእንጨት የተለበጡ ሦስት ግማሽ በርሜሎችን ጎን ለጎን የደረደሩ ይመስላል፤ እርሱን የተሸከሙት አራት ግዙፍ የድንጋይ ዓምዶች ናቸው። የሴቶቹን ሰገነት ደግሞ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ዓምዶች ይዘውታል፤ አሥራ ሁለቱ ነገዶች ናቸው ይባላል። መስኮቶቹ 72 ናቸው፤ ባለቀለም መስታወት የላቸውም፤ የሚያስገቡት ብርሃን እንዳለ የሰማዩን ነው። የኤሌክትሪክ መብራትም ማሞቂያም ወደዚህ አዳራሽ ፈጽሞ አልገባም። በሌሊት የሚያበሩት አንድ ሺህ ያህል ሻማዎች ናቸው፤ እነርሱም በአራቱ ትልልቅ ተንጠልጣይ የነሐስ መቅረዞች፣ በዓምዶቹና በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ባሉ ትናንሽ የነሐስ መቅረዞች ላይ ይሰካሉ። እንግዲህ ይህን ቤት የሠሩት ሰዎች ብርሃንን ያሰሉት ለሁለት ነገር ነው፤ ለመስኮትና ለሻማ። ፍላሽ ከሁለቱ አንዱም አይደለም። በተግባርም ቢሆን ካሜራ ላይ ያለች ትንሽ ፍላሽ ከአራት ከአምስት ሜትር አልፋ 38 ሜትር አዳራሽ ልታበራ አትችልም፤ የምታደርገው ከፊትዎ ያለውን ወንበር ማንጣት፣ የሩቁን ማጨለምና የሌሎችን ጎብኚዎች ዓይን መበጥበጥ ብቻ ነው።

የሻማው ነገር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ጥያቄዎ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። በመጽሔት ላይ የሚያዩዋቸው፣ አዳራሹ በሙሉ ወርቅ የመሰለባቸው ፎቶዎች የተነሡት ሻማዎቹ በሙሉ በርተው ባሉበት በተለየ ምሽት ነው። በተራ የጉብኝት ሰዓት ሻማዎቹ አይበሩም። የሚበሩት ለጸሎት፣ ለሠርግና ለአንዳንድ የምሽት የሙዚቃ ዝግጅቶች ነው። በሰንበት ጸሎት ላይ ካሜራ ማንሣት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ በሕጋቸው በሰንበት እሳት መለኮስም ሆነ ማጥፋት ክልክል ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠቀምም እንደ ሥራ ስለሚቆጠር ስልክ ከኪስ ማውጣት ብቻውን ሰዎቹን ያስቀይማል። ስለዚህ ሻማውን ማየት ከፈለጉ መንገዱ አንድ ነው፤ ለምሽት ኮንሰርት ቲኬት ቆርጦ መግባት፣ ፎቶ መፈቀዱን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከተፈቀደም ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ማንሣት። በሙዚቃው መካከል የሹተር ድምፅ በእንጨት ጣሪያ ሥር ምን ያህል እንደሚሰማ እኔ በሚያሳፍር መንገድ ተምሬዋለሁ። ቆይታዎ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነና የኮንሰርቱ ቀን ከእርስዎ ቀን ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ዕቅድዎን በቀን ብርሃን ላይ ያቁሙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ አለባበስና ሥርዓት የጠየቁት ከባድ አይደለም፤ ሆኖም ከእኛ ልማድ ጋር በሁለት ነገር ይገለበጣል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ወንዶች ባርኔጣችንን እናወልቃለን፤ እዚህ ወንድ ራሱን ይሸፍናል። የራስዎ ቆብ ወይም ባርኔጣ ካለዎት ይበቃል፤ ከሌለዎት መግቢያው ላይ ኪፓ የሚባለውን ትንሽ ቆብ ያውሱዎታል። እኛ ጫማችንን እናወልቃለን፤ እዚህ ጫማ አይወለቅም። አንድ ጊዜ የአገራችንን ሰዎች ይዤ ስገባ አንዲት እናት ከልማድ ብዛት በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ ጥበቃው ግራ ተጋብቶ ተመለከታቸው፣ በኋላም ነገሩ ሲገባው ፈገግ ብሎ «በአክብሮት ነው» አለኝ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ለሁሉም ይመከራል፤ በዲሴምበር ብርዱ ራሱ ይህን ያስፈጽምልዎታል። ክርስቲያን መሆንዎ ምንም ችግር የለውም፤ በ17ኛው መቶ ዘመን እንኳ የከተማው ክርስቲያኖች ይህን ቤት ለማየት ይመጡ ነበር። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ስለዚህ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይያዙ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹንና የፍተሻ ዕቃውን ግን ፎቶ አያንሱ። ይህ እንደ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን እንደ ደኅንነት ጉዳይ የሚታይ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚጥም አንድ ነገር ልጨምር። መጻሕፍተ ኦሪቱ የሚቀመጡበትን ትልቅ የእንጨት ሣጥን እነዚህ የፖርቱጋል አይሁድ «ሄኻል» ይሉታል፤ ከግእዙ «ሃይከል» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ኦሪት የሚነበብበትን ከፍ ያለ መድረክ ደግሞ «ቴባ» ይሉታል፤ ይህም ቃል ከእኛው «ታቦት» ጋር የዘር ግንዱ አንድ ነው። ስለዚህ አስጎብኚው «ቴባ» ሲል ዓይንዎ ወደ ሣጥኑ እንዳይሄድ፤ እርሱ የሚያመለክተው ከሣጥኑ ተቃራኒ፣ በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ያለውን መድረክ ነው። ሄኻሉ ከብራዚል በመጣ ጃካራንዳ በሚባል ጥቁር ቀይ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ቆሟል። አግዳሚ ወንበሮቹም እንደ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፊት አይመለከቱም፤ በግራና በቀኝ ተደርድረው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ወለል ይቀራል። ይህ አሠራር ለፎቶ አንሺ ስጦታ ነው፤ ከቴባው አጠገብ ቆሞ ወደ ሄኻሉ ሲመለከቱ ዓይንን የሚጋርድ ነገር የለም።

የዚያ ባዶ ወለል ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። እንጨቱ ላይ ደቃቅ አሸዋ ተነስንሷል። ልማዱ የድሮ የሆላንድ ቤቶች ልማድ ነው፤ አሸዋው ከጫማ የሚራገፈውን ጭቃና እርጥበት ይመጥጣል፣ የእግር ኮቴንም ያፍናል። በካሪቢያን ባሉ ተመሳሳይ ምኩራቦች፣ ለምሳሌ በኩራሳው ባለው፣ አሸዋው በፖርቱጋል በስውር ሲጸልዩ ኮቴያቸውን ለማፈን የነስነሱት ነው የሚል ትውፊት አለ፤ በአምስተርዳም ግን የመጀመሪያውን ማብራሪያ መያዝ ይሻላል። ጠዋት ቀድመው ከገቡ አሸዋው ላይ ገና ብዙ ሰው አልተመላለሰበትም፤ የሁለት ሰው ኮቴ ብቻ ከወንበሮቹ መካከል ወደ ሄኻሉ ሲሄድ፣ በዝቅተኛ ብርሃን ጠርዙ ጥላ ይዞ ይታያል። ካሜራውን ወደ ጉልበትዎ ዝቅ አድርገው ያንን ያንሱ። ለእኔ የቤቱ ምርጥ ፎቶ እርሱ ነው፤ ከመቅረዞቹም ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ግን ወለሉ እንደ ገበያ መንገድ ይሆናል።

አሸዋው ግን ይቀጣልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁ ዕለት የካሜራ ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ዚፑን ሳልዘጋ ሌንስ ቀየርኩ። ማታ ሆቴል ውስጥ የዙሙን ቀለበት ሳዞር ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጭራሹኑ ከቀለበቱ ሥር የገባችው ፍሬ እስከ መጨረሻው አልወጣችም፤ ያ ሌንስ ዛሬም ሲዞር ይንጫጫል። ስለዚህ ቦርሳ ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ ትከሻ ላይ ይያዙት ወይም መግቢያው ላይ ይተዉት፤ ሌንስም አዳራሹ ውስጥ አይቀይሩ። አንድ ሰፊ ሌንስ፣ 24 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን፣ ይበቃል። ይህም ትራይፖድ የማይመከርበት አንዱ ምክንያት ነው፤ እግሮቹ አሸዋውን ይቆፍራሉ፣ ከሥሩ ያለውንም አሮጌ እንጨት ይጭራሉ። ከዚህ ሌላ ትራይፖድ ለባለሙያ ሥራ የሚያገለግል ዕቃ ተደርጎ ስለሚታይ አስቀድሞ የተጻፈ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። እንደ ቱሪስት ሆነው የሚያነሡት ፎቶ ለራስዎ እስከ ሆነ ድረስ በእጅ ይዞ ማንሣት የተሻለው መንገድ ነው፤ ሆኖም የዕለቱን ደንብ በር ላይ ይጠይቁ።

አሁን ስለ ሰዓቱ። አምስተርዳም በ52 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ትገኛለች፤ በዲሴምበር አጋማሽ ፀሐይ ከ8፡40 በኋላ ትወጣለች፤ በቀትርም ቢሆን ከአድማስ በላይ ከፍታዋ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በሰኔ ፀሐይ ከፍ ብላ መስኮቱ ሥር ያለውን ወለል ብቻ የምትነካ ሲሆን፣ በዲሴምበር ግን ብርሃኗ ተኝቶ ይገባል፤ ሰማዩ ከጠራም እስከ አዳራሹ መካከል ይደርሳል። ክረምቱ ለዚህ ቤት ጉድለት ሳይሆን ጸጋ ነው የምለው ስለዚህ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ከሄኻሉ ጀርባ በኩል ስለምትሆን ሣጥኑ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ ጀርባዎን ለእርሱ ሰጥተው ቴባውን፣ ሰገነቱንና አሸዋውን ያንሱ። ከቀትር በኋላ፣ በተለይ ከ13፡00 እስከ 15፡00 ባለው ጊዜ፣ ወደ ሄኻሉ ፊትዎን ሲያዞሩ ብርሃኑ ከቀኝዎ ይመጣል፤ የጃካራንዳው ቀይ የሚታየውም፣ የዓምዶቹ አንድ ወገን የሚበራውም ያን ጊዜ ነው። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ፣ በዚያ ወር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደመናማ ነው፣ ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋና ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ለስላሳ ይሆናል፤ መስኮቶቹም ስለማያንጸባርቁ ሥራው ይቀላል። በደመና ቀን አይዘኑ። በ10፡00 ሰዓት ሲከፈት ይግቡ፤ ከዚያ ወጥተው ሙዚየሙን ይጎብኙ፤ በ13፡30 አካባቢ ይመለሱ።

በቅንጅት በኩል ያለው ዋና ፈተና በመስኮቶቹና በጥቁሩ እንጨት መካከል ያለው የብርሃን ርቀት ነው። ካሜራውን በራሱ ከተዉት ጨለማውን አይቶ ያበራና 72ቱንም መስኮቶች ባዶ ነጭ ወረቀት ያደርጋቸዋል። የነጣ መስኮት በኋላ አይመለስም፤ የጨለመ እንጨት ግን ይመለሳል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ከካሜራው ግምት አንድ ወይም አንድ ተኩል ደረጃ ዝቅ ያድርጉ፤ ፋይሉን በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ያስቀምጡ፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ በኩል እንዳይደፈን ይከታተሉ። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) በኤፍ 5.6 አካባቢ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) በ1600 እና በ3200 መካከል ይያዙ፤ የሹተሩ ፍጥነት ከሰኮንድ 1/15 ቀርፋፋ እንዳይሆን ያድርጉ። የመንቀጥቀጥ መከላከያ ያለው ካሜራ ከሆነ 1/8ም ይሠራል። ዓምዱን ተደግፈው፣ ክንድዎን ከጎንዎ አጣብቀው፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ሦስት አራት ተከታታይ ፎቶ ቢያነሡ አንዱ ጥርት ይላል። ዓምዱን ይደገፉ ስል ትከሻዎን ማለቴ ነው፤ በወንበሮቹ ላይ ካሉት የነሐስ መቅረዞች ግን ይራቁ፤ ከጃኬት እጅጌ ጋር በቀላሉ ይያያዛሉ። በስልክ የሚያነሡ ከሆነ ጣትዎን መስኮቱ ላይ ተጭነው ብርሃኑን እዚያ ያስሉ፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ታች ይጎትቱት። ሰፊው የስልክ ሌንስ ዓምዶቹን ወደ ውስጥ ያጋድላቸዋል፤ ስልኩን ወደ ላይ ከማንጋጠጥ ይልቅ ቀጥ አድርገው ይያዙትና ትርፉን ወለል በኋላ ይቁረጡት። ወለሉ አሸዋ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ባይቆረጥም ያምራል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር። የክረምት ደመና ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል፤ እንጨቱና ነሐሱ ደግሞ ሞቃት ናቸው። ካሜራው ሁለቱን ሊያስታርቅ ሲል ሕንፃውን ግራጫ ያደርገዋል። የነጭ ሚዛኑን (ካሜራው ነጭን የሚለይበትን ቅንጅት) በ5500 ኬልቪን፣ ማለትም በብርሃን ቀለም መለኪያው፣ አካባቢ በእጅ ያስሩትና ለሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ይሁን። ኮንሰርት ላይ ሻማ የማየት ዕድል ከገጠምዎ የሻማ ነበልባል 1900 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ካሜራው «ላርመው» ብሎ ነጭ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ወርቃማውን መልክ የሚገድለው ይህ ነው፤ ያን ጊዜም ቁጥሩን ራስዎ ይያዙት፤ 3000 አካባቢ ያምራል።

የት መቆም እንዳለብዎ መማር ከፈለጉ ካሜራ ከመያዝዎ በፊት ወደ ሬይክስ ሙዚየም፣ ወደ ኔዘርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ይሂዱና ሠዓሊው ኤማኑኤል ዴ ዊተ በ1680 የሣለውን የዚህን ቤት ውስጥ ይመልከቱ። ቤቱ ከተመረቀ አምስት ዓመቱ ብቻ ነበር። ሠዓሊው ብርሃኑን በወለሉ ላይ ጥሎ፣ ሰዎቹን ከፊት ለፊት ጀርባቸውን ሰጥተውን እንዲቆሙ አድርጎ፣ ጣሪያውን ከፍ አድርጎ አሳይቷል። ከሥዕሉ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ያለ ሰው የዚህ ቤት ቁመት አይታወቅም። ከ19 ሜትር በላይ ያለው ከፍታ በባዶ አዳራሽ ፎቶ ላይ ስምንት ሜትር መስሎ ይቀራል። አንድ ጎብኚ፣ ከሩቅ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከዓምድ ሥር ሲቆም ይጠብቁት። ፊት የሚለይበት ፎቶ ግን፣ በተለይ የሚጸልይ ሰው ፊት፣ ሳይጠይቁ አያንሱ። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ከፍተው ካዩ ካሜራውን ዝቅ ያድርጉ፤ ለእርስዎ ሙዚየም የሆነው ለእርሳቸው የዕለት ቤታቸው ነው።

በግቢው ዙሪያ ያሉት ዝቅተኛ ቤቶች ችላ እንዳይባሉ። ከእነርሱ አንዱ የክረምት ምኩራብ ነው፤ ይሞቃል፣ የኤሌክትሪክ መብራትም አለው፤ በብርድ ወራት ማኅበሩ የሚጸልየው እዚያ ነው። እዚያ ሲገቡ ሌንስዎ በአንድ ጊዜ ጭጋግ ይለብሳል፤ ከበረዶ አዳራሽ ወደ ሞቃት ክፍል ስለገባ ነው። በጨርቅ አይጥረጉት፤ አሥር ደቂቃ ይታገሱት። ባትሪም በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ባትሪ ከኮትዎ ውስጠኛ ኪስ ያቆዩ። በዚያው ግቢ ያለው ኤትስ ሐይም ቤተ መጻሕፍት በ1616 የተመሠረተ ሲሆን፣ ስብስቡ በ2003 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ተመዝግቧል፤ እርሱን ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሣት የተለየ ቀጠሮና ፈቃድ ስለሚያስፈልግ በሦስት ቀን ውስጥ አይሞክሩት። የብርና የጨርቅ ቅርሶቹ ያሉባቸው ክፍሎች ግን ለጎብኚ ይታያሉ፤ እዚያ ግን መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ሌንሱን መስታወቱ አጠገብ አድርገው ያንሱ።

ከወጡ በኋላ ከቤቱ አጠገብ ባለው በዮናስ ዳንኤል ሜየር አደባባይ ላይ ቆመው ሳያልፉ እንዳይሄዱ። በየካቲት 22 እና 23 ቀን 1941 የጀርመን ወራሪዎች በዚህ ሠፈር ከ400 በላይ አይሁዳውያን ወንዶችን ይዘው እዚህ አደባባይ ሰበሰቧቸው። ከሁለት ቀን በኋላ የአምስተርዳም ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፤ «የየካቲት አድማ» የሚባለው እርሱ ነው። በ1952 የተተከለው፣ ማሪ አንድሪሰን የቀረጸው «የወደብ ሠራተኛው» ሐውልት ያን ያስታውሳል። በጦርነቱ ኔዘርላንድ ውስጥ ከነበሩት አይሁድ 102,000 ገደማ ተገደሉ፤ ምኩራቡ ግን ሳይፈርስ ተረፈ። ሐውልቱን ከምኩራቡ የጡብ ግድግዳ ጋር በአንድ ፎቶ ማሳረፍ ይቻላል፤ ከሐውልቱ ፊት ዝቅ ብለው፣ ጡቡን ከጀርባው አድርገው። በኔዘርላንድ የቅጂ መብት ሕግ በአደባባይ በቋሚነት የተተከለን ሥራ እንዳለ ፎቶ አንሥቶ ማሳተም ይፈቀዳል፤ ውስጥ የተነሡትን ፎቶዎች ለንግድ ለመጠቀም ካሰቡ ግን ነገሩ የቤቱ ፈቃድ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከመሸጥዎ በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያመልክቱ።